ነባር የቤት ስቴሪዮን በአነስተኛ ወጪ ከገመድ አልባ የሙዚቃ ስርጭት ጋር ማገናኘት

በካሴትና በሲዲ ዘመን የተገዛ ስቴሪዮ ዛሬም በብዙ ቤተሰቦች ሳሎን ውስጥ ይገኛል። አምፕሊፋየሩና ሁለቱ ስፒከሮቹ ያለ ችግር የሚሠሩ ቢሆኑም፣ ሙዚቃው ወደ ስልክና ወደ ኢንተርኔት በመሸጋገሩ ምክንያት ዕቃው ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል። ቤተሰቡም ሙዚቃ የሚያዳምጠው ከስልክ በሚወጣ ቀጭን ድምፅ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት አዲስ የሙዚቃ መሣሪያ መግዛት የግድ አይደለም። ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ክፍሎች ውስጥ ከፍተኛውን ወጪ የሚጠይቁትና ቶሎ የማያረጁት አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ በመሆናቸው፣ ነባሩ ስቴሪዮ የሚጎድለው ሙዚቃውን ያለ ገመድ ተቀብሎ የሚያስተላልፍለት አነስተኛ መቀበያ ብቻ ነው። መቀበያው በሚመረጥበት ጊዜ ግን ከዋጋው ባልተናነሰ የአገልግሎት ዘመኑም ሊታሰብበት ይገባል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት አካላቸው ሳይበላሽ ከአገልግሎት ውጪ የሆኑ መቀበያዎች ታይተዋልና።

ነባሩን ዕቃ በቅድሚያ መመርመር

ከማንኛውም ግዢ በፊት በስቴሪዮው ጀርባ የሚገኙትን መግቢያዎች መመልከት ያስፈልጋል። “ኦክስ”፣ “ሲዲ” ወይም “ቴፕ” የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ካሉ መቀበያው በእነዚህ በኩል ሊገናኝ ይችላል። በቴፕ ስም ከተሰየሙት መካከል ለመቅረጫ የተዘጋጀው መውጫ እንጂ መግቢያ ስላልሆነ ድምፅ አይቀበልም።

“ፎኖ” የሚል ጽሑፍ ያለበት መግቢያ ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ከሸክላ ማጫወቻ የሚመጣው ድምፅ እጅግ ደካማ በመሆኑ ስቴሪዮው በዚህ መግቢያ የገባውን ሁሉ አስቀድሞ ብዙ እጥፍ ያጎላዋል። መቀበያው በስህተት ከዚህ ጋር ቢገናኝ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ስፒከሩም ሊጎዳ ይችላል።

ስቴሪዮው በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ አንደኛው ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ፣ ሌላኛው ጫፉ ቀይና ነጭ መሰኪያዎች ያሉት ገመድ ገዝቶ ስልክን በቀጥታ ማገናኘት በቂ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለሌላቸው ስልኮች አነስተኛ ማገናኛ ይጨመርላቸዋል። ይህ ገመድ ከሁሉም አማራጮች ርካሹ ሲሆን፣ ስልኩን ከስቴሪዮው አጠገብ ማስቀመጥ ለማያስቸግረው ቤተሰብ ሌላ ወጪ ላያስፈልግ ይችላል። በዚህ ሙከራ ወቅት አንደኛው ስፒከር የማይሰማ ወይም ድምፁ የሚያንኮሻኩሽ ከሆነ ገንዘቡን መቀበያ ከመግዛት ይልቅ ለጥገና ማዋሉ ይመረጣል።

የብሉቱዝ መቀበያ

ከገመድ አልባ አማራጮች መካከል በዋጋ ዝቅተኛውና ለመግጠም ቀላሉ የብሉቱዝ መቀበያ ነው። ከስልኩ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ በቤት ውስጥ የኢንተርኔት መስመር መኖሩን አይጠይቅም። በስልኩ ላይ አስቀድሞ የተጫነ ሙዚቃም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል።

ውስንነቶቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሙዚቃውን ተሸክሞ የሚያቀብለው ራሱ ስልኩ በመሆኑ ባለቤቱ ስልኩን ይዞ ሲርቅ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስልክ ሲደወልም ሙዚቃው ይቋረጣል። የብዙዎቹ መቀበያዎች የመሥሪያ ርቀት አሥር ሜትር ገደማ ሲሆን ግድግዳ ሲኖር ከዚህም ይቀንሳል።

ሁለተኛው የድምፅ ጥራት ነው። ሲዲ በሰከንድ 1 ሺህ 411 ኪሎ ቢት መረጃ ሲያስተላልፍ፣ ሁሉም የብሉቱዝ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚጋሩት መደበኛ የማመቂያ ዘዴ በተለመደው ከፍተኛ ደረጃው የሚያስተላልፈው 328 ኪሎ ቢት ገደማ ነው። “ኤልዳክ” የተሰኘው ዘዴ እስከ 990 ኪሎ ቢት ያደርሳል። ይሁንና ስልኩም መቀበያውም ዘዴውን ሊያውቁት ይገባል። የአፕል ስልኮች ይህን ዘዴ ስለማይጠቀሙ ባለ አይፎን ገዢ ለኤልዳክ ተብሎ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ዋጋ መክፈሉ አይጠቅመውም። በመካከለኛ ስፒከሮች ለሚያዳምጥ ቤተሰብ መደበኛው ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ አጥጋቢ ነው።

የዋይፋይ መቀበያ

የዋይፋይ መቀበያ የቤቱን የኢንተርኔት መስመር በራሱ ይጠቀማል። በብዙዎቹ አሠራሮች ስልኩ የሪሞት ሥራ ብቻ ያከናውናል፤ ዘፈኑ ከተመረጠ በኋላ ሙዚቃው ከአገልግሎት ሰጪው በቀጥታ ወደ መቀበያው ይደርሳል። በመሆኑም ስልክ ቢደወል ወይም ባለቤቱ ከቤት ቢወጣ ሙዚቃው አይቋረጥም። የቤተሰቡ አባላትም በየስልካቸው ሊያዙት ይችላሉ።

በዚህ ዘርፍ ለአነስተኛ በጀት ከሚጠቀሱት መካከል “ዊም ሚኒ” የተባለው መቀበያ ሲሆን፣ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ሳይታከልበት ለገበያ የቀረበው በ100 ዶላር አካባቢ ነው። ማንኛውም የዋይፋይ መቀበያ ከመገዛቱ በፊት ቤተሰቡ የሚጠቀምበትን የሙዚቃ አገልግሎት መቀበሉን፣ አገልግሎቱም በሚኖሩበት አገር የሚሰጥ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ከኮምፒዩተር ጋር ለሚቀራረቡ ሰዎች ሦስተኛ አማራጭ አለ። ይህም “ራስፕቤሪ ፓይ” በተባለች አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ የድምፅ ካርድ በመግጠምና በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር በመጫን የሚሠራ መቀበያ ነው። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2021 ለገበያ የቀረበችው “ዜሮ 2 ደብሊው” ዋጋዋ 15 ዶላር ነበር። የድምፅ ካርድ፣ የማስታወሻ ካርድና የኃይል ማስተላለፊያ ለየብቻ ይገዛሉ። ሥራው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ቢሆንም አንዱ ክፍል ሲበላሽ እሱን ብቻ መቀየርና ሶፍትዌሩንም በሌላ መተካት ይቻላል።

የአገልግሎት ዘመን፦ ሦስት ተሞክሮዎች

ስፒከር በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። የመቀበያ ዕድሜ ግን ከአካሉ ይልቅ በአምራቹ ሶፍትዌርና ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው። ለዚህም ሦስት ምርቶች በምሳሌነት ሊቀርቡ ይችላሉ።

ጎግል እ.ኤ.አ በመስከረም 2015 “ክሮምካስት ኦዲዮ” የተባለ መቀበያ በ35 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ነባር ስቴሪዮን ለማደስ በርካሽነቱና በድምፅ ጥራቱ ተመራጭ የነበረው ይህ ዕቃ ምርቱ እ.ኤ.አ በጥር 2019 ተቋረጠ። በተጠቃሚዎች እጅ ያሉት ግን መሥራታቸውን ቀጥለው ሳለ፣ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2025 የመሣሪያው ማንነት የሚረጋገጥበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው አለፈበት። በዚህም የተነሳ ምንም ብልሽት የሌለባቸው መቀበያዎች በድንገት ከአገልግሎት ውጪ ሆኑ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ማስተካከያ በመላኩ ችግሩ ቢፈታም፣ የዕቃው ዕድሜ በባለቤቱ እጅ እንዳልሆነ በግልጽ ታይቷል።

ሁለተኛው አፕል እ.ኤ.አ በ2004 ያስተዋወቀው “ኤርፖርት ኤክስፕረስ” ነው። ዕቃው የኢንተርኔት መስመር ከማሠራጨት በተጨማሪ ሙዚቃ ወደ ስቴሪዮ የሚያስተላልፍ መውጫ ነበረው። ኩባንያው ምርቱን ማቋረጡን እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2018 ቢያስታውቅም፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር እ.ኤ.አ በ2012 ለወጣው ሁለተኛ ትውልድ አዲሱን “ኤርፕሌይ 2” የሚያስችል ሶፍትዌር ሰጥቷል። በመሆኑም ምርቱ የቆመ ዕቃ አዲስ አገልግሎት አገኘ።

ሦስተኛው “ስኩዊዝቦክስ” የተባለው መቀበያ ነው። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ በ2006 ፈጣሪውን ኩባንያ ስሊም ዲቫይሰስን ከገዛ በኋላ እ.ኤ.አ በ2012 ይህን የምርት ስም አቋረጠ። ለመቀበያዎቹ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢንተርኔት አገልግሎትም እ.ኤ.አ በ2024 ተዘጋ። ይሁን እንጂ ሙዚቃውን ከቤት ኮምፒዩተር ወደ መቀበያው የሚያደርሰው ሶፍትዌር የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው “ሊሪዮን ሚውዚክ ሰርቨር” በሚል አዲስ ስም ማሻሻላቸውን ቀጥለዋል። አምራቹ ከተወው ከአሥር ዓመታት በላይ ያስቆጠረው መቀበያ በዚህ ሶፍትዌር አማካይነት ይሠራል።

ከሦስቱ ተሞክሮዎች የሚገኘው ትምህርት ገዢው አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ሊጠይቅ እንደሚገባ ነው፤ ይኸውም “አምራቹ ነገ ቢተወው ይህ ዕቃ ምን ይቀረዋል?” የሚለው ነው። በአንድ ኩባንያ አገልግሎት ብቻ የሚሠራ መቀበያ ምንም ላይቀረው ይችላል። በብሉቱዝም የሚሠራ፣ በቤት ኮምፒዩተር ወይም በፍላሽ ላይ ያለ ሙዚቃን የሚያጫውትና ተጨማሪ የገመድ መግቢያ ያለው መቀበያ ግን ቢያንስ ከፊል ጥቅሙን ይዞ ይቆያል። ያገለገለ መቀበያ ሲገዛም ከሻጩ ፊት በራስ ስልክ ሞክሮ መረከብ ተገቢ ነው።

የኢንተርኔት ፍጆታና የኤሌክትሪክ ኃይል

መቀበያው አንድ ጊዜ የሚገዛ ሲሆን የኢንተርኔት ወጪው ግን በየወሩ ይቀጥላል። በሰከንድ 160 ኪሎ ቢት የሚተላለፍ ሙዚቃ በሰዓት 72 ሜጋ ባይት፣ በ320 ኪሎ ቢት የሚተላለፈው ደግሞ 144 ሜጋ ባይት ይወስዳል። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ ሳይጓደል ታምቆ ሲተላለፍ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ300 እስከ 450 ሜጋ ባይት ይደርሳል።

በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚያዳምጥ ቤተሰብ በ320 ኪሎ ቢት በወር 8 ነጥብ 6 ጊጋ ባይት ገደማ ሲጠቀም፣ በሲዲ ጥራት ከሆነ ፍጆታው ወደ 24 ጊጋ ባይት ከፍ ይላል። ገደብ የሌለው መስመር ላለው ልዩነቱ አያሳስብም፤ በመጠን የተወሰነ ጥቅል የሚገዛ ግን የጥራት ደረጃውን ከአገልግሎቱ ማስተካከያ ዝቅ ማድረግ ወይም ዘፈኖቹን አስቀድሞ አውርዶ በብሉቱዝ ማዳመጥ ይጠቅመዋል።

አብዛኞቹ አነስተኛ መቀበያዎች እንደ ስልክ ቻርጀር ባለ 5 ቮልት የዩኤስቢ ኃይል ስለሚሠሩ ከየትኛውም አገር ቢመጡ አያስቸግሩም። ከአሜሪካ የመጣ ስቴሪዮ ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በኢትዮጵያ የ220 ቮልት መስመር ላይ ያለ ትራንስፎርመር ሊሰካ አይገባም። ከግንኙነቱ በኋላ የማያቋርጥ የእምታ ድምፅ ከተሰማ መቀበያውን በሌላ ቻርጀር መሞከር የመጀመሪያው መፍትሔ ነው።

ምርጫውን መወሰን

በቤቱ ቋሚ ኢንተርኔት ለሌለው ወይም በአብዛኛው በስልኩ ላይ የተጫነ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ የብሉቱዝ መቀበያ በቂ ነው። አስተማማኝ ዋይፋይ ያለውና ብዙ አባላት የሚገለገሉበት ቤተሰብ የዋይፋይ መቀበያ ቢገዛ ይጠቀማል። በሁለቱ መካከል የሚያመነታ ደግሞ በቅድሚያ በገመዱ ለጥቂት ሳምንታት አዳምጦ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚጠቀምበት መሆኑን ካየ በኋላ ቢወስን ያለአግባብ ከሚወጣ ወጪ ይድናል።

የትኛውም መቀበያ ቢመረጥ የካሴትና የሲዲ ማጫወቻውን አብሮ ማቆየት ተገቢ ነው። ከኢንተርኔት የሚገኝ ሙዚቃ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ወይም የወር ክፍያው ሲያልፍ አብሮ ይቋረጣል። በመደርደሪያ ላይ ያለው ካሴት ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይጫወታል። በካሴት ብቻ የተቀረጹ የቤተሰብ ድምፆችና በየትኛውም የሙዚቃ አገልግሎት ላይ ያልተጫኑ ቆየት ያሉ ዘፈኖች የሚደመጡትም በዚሁ ነባር ዕቃ ነው።