ከደጅ ጥናት ወደ ነጥብ፤ የፍርድ ቤት ሠራተኞች ዕድገትና ክርክሩ

በቀድሞው ዘመን በአገው ምድርም ሆነ በሌላው የጎጃም ክፍል ሁለት ሰዎች በገበያ ሲጋጩ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደሆነ ሌላው እጁን ይሰበስብ እንደነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። በአቅራቢያው የተገኘ መንገደኛም ዳኛ ሆኖ ይሰየም ነበር። ለሕግ እንዲህ የሚገዛው ሕዝብ ግን ሹመትን በሚመለከት ረገድ ለብዙ ዘመን የኖረው በሌላ ሥርዓት ነው። ይኸውም ደጅ ጥናት ነው።

ሹመት ፈላጊው በጌታው ደጅ ወራትና ዓመታት ይቆማል፤ የሚመዘነውም ትዕግሥቱና ታማኝነቱ ነው። በፈቃድ የተሾመ በፈቃድ ይሻራል። የተበደለም ቢኖር አቤት የሚለው ከሹሙ ለሚበልጠው ሹም፣ በመጨረሻም ለዙፋን ችሎት ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ሹመት እንደ ሲሳይ እንጂ በችሎታ እንደሚያዝ ሥራ ስላልታየ ነው።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በየደረጃቸው ሲያቋቁም፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ክርክሩን በጽሑፍና በመዝገብ ላይ ሲያጸና፣ ከዳኛው ጎን አዲስ ባለሙያ አስፈለገ። ሬጅስትራሩ፣ መዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ጸሐፊውና መጥሪያ አድራሹ የፍርድ ሥራ ምሰሶዎች ሆኑ። ከጃዊ ቆላ ተነሥቶ እንጅባራ ድረስ የመጣ ገበሬ የመሬት መዝገቡ ቢጠፋበት የዳኛው ዕውቀት ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ በመዝገብ ቤት ማን ያድጋል የሚለው ጥያቄ የሠራተኛው የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የባለጉዳዩም መብት ነው።

የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በማዕከል የሚመራ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 1፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የሥራ መደቦች ምደባና የደመወዝ ስኬል ደንብ ወጡ። በሌላውም ዓለም ይህ ለውጥ በቀላሉ አልተገኘም። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ተኩሶ የመታው ሹመት ተመኝቶ ያጣ ሰው ነበር፤ በችሎታ መቅጠርን የደነገገው የፔንድልተን ሕግ የወጣውም ከዚያ በኋላ፣ በ1883 ነው።

ዛሬ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ሥር የሚተዳደር ሠራተኛ ዕድገት የሚጠይቀው ደጅ በመጥናት ሳይሆን ተወዳድሮ ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድና የሥራ አፈጻጸም ውጤት ወደ ነጥብ ተለውጠው ይደመራሉ። ክርክሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው፦ ማስታወቂያው በአግባቡ ተለጥፏልን? ያገለገለበት ዘመን ከሥራ መደቡ ጋር አግባብ አለውን? የአፈጻጸሙን ነጥብ የሰጠው አለቃ የመዘነው ሥራውን ነው ወይስ ሰውየውን?

እኛ መሐንዲሶች አንድ የምናውቀው ነገር አለ፤ መሣሪያ ከመለኪያው ክፍልፋይ ያነሰን ልዩነት ሊለይ አይችልም። በሜትር ብቻ የተከፈለ ገመድ ይዞ ስለ ሚሊሜትር የሚከራከር ቀያሽ ይሳቅበታል። ነገር ግን ሁለት መዝገብ ቤት ሠራተኞች በግማሽ ነጥብ ተበላልጠው አንዱ አደገ እንበል፤ ያ ግማሽ ነጥብ የመጣው አለቃው በግምት ከሞላው ቅጽ ከሆነ፣ የተለካው ችሎታ ሳይሆን የግምቱ ስሕተት ነው። አሁን የተሻረው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በተዋጽኦ አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ቅድሚያ ሲሰጥ «እኩል ወይም ተቀራራቢ» ነጥብ ማለቱ ይህንን የተረዳ ይመስላል። ደግሞም ከአማርኛ ይልቅ አገውኛ የሚቀናውን ባለጉዳይ በቋንቋው የሚያስተናግድ ጸሐፊ ችሎታው በየትኛው ዓምድ ይጻፍ?

ቅሬታ ያለው ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው መርምሮ የውሳኔ ሐሳቡን ለመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ያቀርባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 መሠረትም በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ የማንኛውም ሰው መብት ነው። በፍርድ ቤት ሠራተኛ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ቀጣሪውም፣ ፍትሕ የሚጠየቅበትም ደጅ ፍርድ ቤት ነውና። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩበትን መንገድ ከፍቷል። ይህ ለዳኝነት ነጻነት የሚበጅ ቢሆንም ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም የሚለውን የቆየ መርሕ ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል።

መፍትሔው ከፍርድ ቤቱ የራሱ ሙያ ውጭ አይደለም። ፍርድ ቤት ከተከራካሪዎች ማስረጃ ይጠይቃል፤ ምክንያት የሌለውን ፍርድ ይሽራል። በሠራተኛው ዕድገት ላይም ይህንኑ ቢያደርግ፣ ማለትም ነጥቡን በግልጽ ቢለጥፍ፣ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር፣ ዕድገቱን የወሰነውንም ሰው ከቅሬታ ሰሚነት ቢያገል፣ ያላደገው ሠራተኛ ቢያዝን እንኳ ተበደልሁ አይልም። ያለዚያ ደጅ ጥናት ቅጽ ለብሶ ተመለሰ እንጂ አልቀረም። «በሕግ አምላክ» ሲባል መንገደኛው ይቆም ነበር፤ መዝገብ ቤቱም ሊቆም ይገባዋል።