ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ራም እና ኤስኤስዲ በራሳችሁ ለመቀየር፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን እዩ

ላፕቶፓችሁ በርቶ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ቡና አንደኛ ይደርሳል? ክሮም ላይ አምስት ታብ ስትከፍቱ ቀጥ ይላል? አዲስ ልግዛ ብላችሁ ገንዘብ ማሰባሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ውስጡን እንየው። ብዙ ጊዜ የሚያንቀራፍፈው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ወይም የራም ማነስ ነው። ሁለቱንም ደሞ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ በአንድ ካቻቢቴ መቀየር ይቻላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። "ሚሞሪ" ሲባል ብዙዎቻችን የስልክ ሚሞሪ ካርድ ነው ትዝ የሚለን። ላፕቶፕ ላይ ግን ሚሞሪ ማለት ራም ነው፤ የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚሠሩበት ቦታ ሲሆን ላፕቶፑ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ፋይላችሁ የሚቀመጠው ስቶሬጅ ላይ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ላይ።

የቱ ነው የቸገራችሁ? ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀር ሲከፈት "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ንኩ። ዲስኩ "ኤችዲዲ" ከተባለና ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሜሞሪው በተለመደው ሥራችሁ ላይ ከ85 እና 90 ፐርሰንት የማይወርድ ከሆነ ራም አንሷችኋል። ሁለቱም ከሆነና ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እኛ ኤስኤስዲውን አስቀድሙ ነው የምንለው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ በግምት 100 ሜጋባይት ያነባል፤ ሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ከዚህ በላይ የሚሰማችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሃርድ ዲስክ ትንንሽ ፋይሎችን ለማግኘት መርፌውን ወዲያ ወዲህ ማመላለስ አለበት፣ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ፣ ሜሞሪ ሥር፣ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። "ፎርም ፋክተር" የሚለው ጎን "ሶዲም" ካለ ራሙ ይነቀላል። "ሮው ኦፍ ቺፕስ" ካለ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ እሱን መቀየር አትችሉም። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን እንደዛ ነው። ከ2020 ጀምሮ የወጡት ኤም1 እና ከዚያ በኋላ ያሉ ማክቡኮችም ራማቸው ከቺፑ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሲገዙ የነበረው እስከ መጨረሻው ያው ነው። በአንጻሩ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ይሄን ጥያቄ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንሱት።

ራም ስትገዙ "8 ጊጋ ስጠኝ" ማለት አይበቃም። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ የጥርሶቹ ክፍተት ቦታው ይለያያል። ዲዲአር3 ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ "ኤል" ያለው በ1.35 ቮልት፣ የሌለው በ1.5 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ቅርጻቸው ግን አንድ ነው። ከአራተኛ ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ያሉ ላፕቶፖች ባለ "ኤል"ውን ይፈልጋሉ። ሲፒዩ ዜድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርዳችሁ የራማችሁን ዓይነት ስክሪንሾት አንሱና ለሻጩ አሳዩት። ከዛ የተሻለው ደሞ አሮጌውን ራም ነቅሎ ይዞ መሄድ ነው። አንድ 8 ጊጋ ከማስገባት ሁለት 4 ጊጋ ጥሩ ፍጥነት ይሰጣል፤ ነገ 16 ለማድረስ ካሰባችሁ ግን አንዱን 8 ገዝታችሁ ሌላውን ማስገቢያ ክፍት ተዉት።

ኤስኤስዲ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ልክ እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ 2.5 ኢንች ሳጥን ነው። ሁለተኛው እንደ ማስቲካ የቀጠነው ኤም.2 ነው፤ ላዩ ላይ 2280 ከተባለ 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ኤም.2 ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ሳታ፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢ ነው። ቦታው ላይ ገጥሞ ባዮሱ ላይ ካልታየ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ስለ ዋጋው፦ በጣም የረከሰ "2 ቴራ" ካያችሁ ጠርጥሩ። ውስጡ ትንሽ ቺፕ ተደርጎ መጠኑ በውሸት እንዲታይ የተሠራ አለ። መጀመሪያ ላይ በደንብ ይሠራል፤ እውነተኛው መጠን ሲሞላ ግን የምታስቀምጡት ሁሉ ይጠፋል። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክ ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ሰዓት ይፈጃል፣ ቢሆንም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ይሠራ። ያገለገለ ኤስኤስዲ ከሆነ ደሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጤንነቱንና ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል።

አሁን ወደ ዳታው። ዲስክ ከመንካታችሁ በፊት የግድ የሚያስፈልጋችሁን ፋይል ውጪ ላይ ቅዱ፤ ኤክስተርናል፣ ፍላሽ፣ ጉግል ድራይቭ፣ የተገኘው ላይ። ከዛ ሁለት መንገድ አለ። ዊንዶውሱን ከነፋይሉ ወደ አዲሱ መገልበጥ ከፈለጋችሁ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብልና እንደ ክሎንዚላ ያለ ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ወይም በፍላሽ አዲስ ዊንዶውስ ትጭናላችሁ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ የአምስት ዓመት ቆሻሻ ይዞ አዲስ ቤት መግባት ምን ያደርጋል? ዊንዶውሱ በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኖ ከነበረ ፈቃዱ የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ በዲስክ ለውጥ አይጠፋም። ቢትሎከር የበራ ከሆነ ግን መጀመሪያ አጥፉት፣ የሪከቨሪ ቁልፉንም ሌላ ቦታ ጻፉ። ያለ ቁልፉ ፋይሉን የሚያወጣላችሁ ባለሙያ የለም።

መክፈቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ሺፍትን ይዛችሁ ሸት ዳውን በሉ፣ እንደዛ ካልሆነ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከከፈታችሁ በኋላ ደሞ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት አላቁ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሥላችሁ በየቦታቸው አስቀምጧቸው፤ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ማሰር ማዘርቦርድ ይበሳል። ክዳኑን በቢላ ሳይሆን በአሮጌ የባንክ ካርድ ፈልቅቁ። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፤ ስታቲክ እንዳይኖር ራም ከመንካታችሁ በፊት ብረት ነክታችሁ እጃችሁን አራግፉ። ራሙ ጋደል ብሎ ይገባል፣ ከዛ ወደ ታች ሲጫን በሁለቱ ጎን ያሉት መያዣዎች ቀጭ ይላሉ።

ሲበራ ስክሪኑ ጥቂት ቢጨልም አትደንግጡ፤ አዲስ ራም መጀመሪያ ላይ፣ በተለይ ዲዲአር5፣ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ጭራሽ ካልመጣ አጥፍታችሁ፣ ባትሪውንም እንደገና አላቃችሁ፣ ራሙን ነቅላችሁ አጥብቃችሁ መልሱ። ብዙ ጊዜ በደንብ አልገባም ማለት ነው።

አንድ የማይቀየር ነገር አለ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደሞ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው፤ ራምም ሆነ ኤስኤስዲ መጨመር ይሄን አይለውጠውም። ከዛ በታች ላለው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ሲስተም በ8 ጊጋ ራም እና በኤስኤስዲ ጥሩ ይሄዳል።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ቶሎ ፎርማት አታድርጉት። ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት፣ የረሳችሁት ፋይል ሊኖር ይችላል። ከዛ በኋላ ኬዝ ገዝታችሁ ኤክስተርናል ማድረግ ትችላላችሁ። የምትሸጡት ከሆነ ግን ኩዊክ ፎርማቱን ምልክት አንሱና ሙሉ ፎርማት አድርጉት፤ በኩዊክ የጠፋ ፎቶ በነፃ ፕሮግራም ተመልሶ ይወጣል።