ስደት፣ ድንበርና ማንነት በግሪክ ሲኒማ

የግሪክ ሲኒማ ስደትን ከሩቅ አያውቀውም። የግሪክ ጦር በትንሿ እስያ በቱርኮች ከደረሰበት ሽንፈት (1922 እ.ኤ.አ.፤ ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እና ግሪክና ቱርክ በሎዛን ከተፈራረሙት የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት የተነሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክሳውያን ተፈናቅለው ግሪክ ገብተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ብዙ ግሪካውያን እንጀራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ጀርመንና አውስትራሊያ ተሰደዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአልባኒያ ኮሚኒስት ሥርዓት ሲወድቅ ግን ልጆቿን ስትሸኝ የኖረችው አገር የሌሎች መጠጊያ ሆነች።

የዘርፉ ትልቁ ስም ቴዎ አንጌሎፑሎስ (1935–2012) ነው። «የሽመላው የተንጠለጠለ እርምጃ» (1991) በተሰኘው ፊልሙ ድንበር የሆነ ወንዝ ሙሽራና ሙሽሪትን ይለያል። እሷ በወዲህኛው፣ እሱ በወዲያኛው ዳር ቆመው ጋብቻቸው ይፈጸማል፤ እጅ ለእጅ ግን አይነካኩም። ትዕይንቱ ያለ ንግግር ማለት ይቻላል የሚያልፍ ሲሆን፣ ድንበር ሰው ላይ የሚያደርሰውን በደል እንዲህ ያሳየ ፊልም ጥቂት ነው። ቀረጻው ሲካሄድ የፍሎሪና ጳጳስ አውጉስቲኖስ ካንዲዮቲስ ፊልሙን በብርቱ ተቃውመው አንጌሎፑሎስን አውግዘዋል። በካን ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባ ያገኘው «ዘላለምና አንድ ቀን» (1998) በሞት አፋፍ ያለ ደራሲን ተሰሎንቄ ውስጥ የመኪና መስታወት ከሚወለውል አልባኒያዊ ሕፃን ጋር ያገናኛል። ፊልሙ ውብ ነው፤ ሆኖም ልጁ በአብዛኛው የሽማግሌው ሐዘን ማስታመሚያ ሆኖ ይቀራል።

ተከታዩ ትውልድ ካሜራውን ወደ ከተማ ሰፈሮች አዞረ። ኮንስታንቲኖስ ያናሪስ «ከከተማው ጥግ» (1998) ውስጥ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት መጥተው በአቴንስ ዳርቻ የሚኖሩ የጰንጦስ (የጥቁር ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ) ግሪክ ወጣቶችን ተከተለ። የፊሊፖስ ጺቶስ «አካዲሚያ ፕላቶኖስ» (2009) ደግሞ ጥያቄውን ወደ ባለአገሩ መለሰው። ስታቭሮስ ከሱቁ ደጃፍ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ አልባኒያውያንን ሲያጥላላ ይውላል። አንድ ቀን በሕመም የደከመች እናቱ አንድ አልባኒያዊ ሠራተኛ አቅፋ፣ በአልባኒያኛ ልጄ ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ ጓደኞቹ በጥርጣሬ ያዩታል፤ እሱም ራሱን ይጠራጠራል። መሪ ተዋናዩ አንቶኒስ ካፈጾፑሎስ በሎካርኖ ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት አግኝቶበታል።

ስደተኛውን የታሪኩ ባለቤት በማድረግ የፓኖስ ኩትራስ «ክሴኒያ» (2014) ይበልጥ ገፍቷል። ከአልባኒያዊት እናት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች እናታቸው ስትሞት፣ የካዳቸውን ግሪካዊ አባት ፍለጋ ከአቴንስ ወደ ተሰሎንቄ ይጓዛሉ። ያደጉት ግሪክ ነው፤ ዜግነት ግን የላቸውም፤ ታላቁ 18 ዓመት ሲሞላው ከአገር ሊባረር ይችላል። ግሪክ ውስጥ ተወልደው ወይም አድገው ትምህርት ቤት ለገቡ የስደተኛ ልጆች ዜግነት የሚፈቅደው ሕግ በፓርላማ የጸደቀው በ2015 ነው።