ግንብ ያላሰረው ልብ

ዛሬ ስለ አንድ ሌባ ልነግራችሁ ነው። የሌባ ታሪክ ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ብልጠቱ ያስቃል፣ ማምለጡ ያስደንቃል። እናንተ ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝና አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ሒሳቡን የከፈለው ማነው?

ሰውዬው ዊሊ ሰተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1901 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ተወለደ። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፈም። ባንክ ዘራፊ ሲባል በር ሰብሮ፣ ተኩሶ የሚገባ ይመስለናል፤ እሱ ግን እንደዚያ አልነበረም። አንድ ቀን ፖስተኛ፣ ሌላ ቀን ቴሌግራም አድራሽ፣ ሌላ ቀን ፖሊስ መስሎ ይመጣል። ጠዋት ባንኩ ሳይከፈት በሩን ያንኳኳል፤ ዘበኛው ዩኒፎርሙን አይቶ ይከፍትለታል። ከዚያ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሲገቡ እየተቀበለ ያስቀምጣቸዋል። ሰዎቹ “ተዋናዩ” ብለው ቅጽል ስም አወጡለት። በዕድሜው የዘረፈው ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይገመታል።

እስቲ አሁን ቅጣቱን እንይ። በ1931 ተይዞ 30 ዓመት ተፈረደበት። በ1932 ዲሴምበር ላይ ከሲንግ ሲንግ እስር ቤት በመሰላል ግንብ ዘሎ ጠፋ። በ1934 ፊላደልፊያ ውስጥ ባንክ ዘርፎ ተያዘ፤ ከ25 እስከ 50 ዓመት ተፈርዶበት ኢስተርን ስቴት ወደሚባለው እስር ቤት ገባ።

ይህን እስር ቤት ልብ በሉልኝ። የተከፈተው በ1829 ነው። ያሠሩት ሰዎች መልካም ሐሳብ ነበራቸው። እስረኛን መግረፍና ማሰቃየት ይቅር፣ ለብቻው እናስቀምጠው፣ በዝምታ ውስጥ ኃጢአቱን ያስብና ይጸጸት አሉ። ለዚህም ነው ስሙን “ፔኒቴንሽየሪ” ያሉት፤ የንስሐ ቤት እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ እስረኛው ብቻውን በክፍሉ ይኖር ነበር፤ ብርሃን የሚገባለት ከጣሪያው ቀዳዳ ነው፤ እንዲያነብ የሚሰጠውም መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ብቸኝነት ብዙዎችን አእምሯቸውን አሳታቸው። በሰተን ጊዜ ሥርዓቱ ቀርቶ ነበር፤ ግንቡ ግን ቆሞ ነበር።

ሰተን በዚያ የንስሐ ቤት 11 ዓመት ተቀመጠ። ታዲያ ተጸጸተ? ወገኖቼ፣ ጉድጓድ ነው የተቆፈረው! ከአንዱ ክፍል ግድግዳ ጀምሮ ከግንቡ ሥር እስከ ውጭ መንገድ ድረስ፣ 30 ሜትር ያህል። ኤፕሪል 3 ቀን 1945 አሥራ ሁለት ሰዎች በዚያ ወጡ፤ ሰተን አንዱ ነበር። ብዙም ሳይርቅ በዚያው ቀን ተያዘ። የዕድሜ ልክ ፍርድ ተጨመረበትና ሆልምስበርግ ወደሚባል እስር ቤት ተዛወረ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 በጨለማ፣ ከሌሎች ጋር የጥበቃ ልብስ ለብሶ፣ መሰላል ተሸክሞ ግቢውን አቋረጠ። የመብራቱ ጨረር አገኛቸው። ሰተን “ችግር የለም” ብሎ ጮኸ፤ ማንም አላስቆማቸውም። እንደገና ወጣ።

በ1950 ማርች ወር ኤፍ ቢ አይ እጅግ የሚፈለጉ የአሥር ሰዎችን ዝርዝር ማውጣት ጀመረ። በዚያው ወር በኩዊንስ ከአንድ ባንክ ከ63,000 ዶላር በላይ ተዘረፈ። ሰተንም በዝርዝሩ ላይ 11ኛው ስም ሆኖ ገባ። ጥሩ ልብስ እንደሚወድ ስለታወቀ፣ ፎቶግራፉ ለልብስ ሰፊዎችም ተበተነ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን ደረስን። አርኖልድ ሹስተር የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ በአባቱ ልብስ ቤት ይሠራል። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1952 በባቡር ሲሄድ አንድ ሰው አየ፤ ያ ፎቶግራፍ ላይ ያየው ፊት ነው። ተከትሎት ወረደና ለፖሊስ ጠቆመ፤ ሰተን ተያዘ። የወጣቱ ስም በጋዜጣ ወጣ፣ ፊቱ በቴሌቪዥን ታየ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ማርች 8 ቀን፣ ቤቱ አጠገብ በጥይት ተገደለ። ከዓመታት በኋላ አንድ የማፊያ አባል እንደመሰከረው፣ ያስገደለው አልበርት አናስታሲያ የሚባል የማፊያ አለቃ ነው፤ ሰተንን አያውቀውም፣ ጠቋሚ ስለሚጠላ ብቻ። በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም። ሰተን ይህን አላዘዘም። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ፦ የሰተን ወንጀል ባይኖር፣ ያ ልጅ በዚያ ምሽት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ሰተን የዕድሜ ልክና 105 ዓመት ይጠብቀው ነበር፤ በዚያም ላይ ተጨመረበት። ይሁን እንጂ ሕመም ስለጸናበት በ1969፣ በፈረንጆች የገና ዋዜማ፣ ከአቲካ እስር ቤት ተፈታ። በዓመቱ ለአንድ ባንክ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠራ! በ1980 በ79 ዓመቱ ሞተ። ከጎልማሳነት ዕድሜው የሚበዛውን ያሳለፈው በእስር ነው። ሹስተር ግን የሚፈታበት ቀን አልነበረውም።

በእኛም አገር ሌባን ለመያዝ ያልተሞከረ የለም። በጥንት ጊዜ ሌባሻይ ነበር፤ ልጁን መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፣ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ስንት ንጹሕ ሰው ተበደለ! እጅ መቁረጥም ነበር። ዛሬ ወህኒ ቤት ማለት ትተን ማረሚያ ቤት እንላለን። መልካም ስም ነው፤ ሕግም ዳኛም ያስፈልጋል። ነገር ግን ስም ሰውን አያርምም፤ ግንብ እግርን ይይዛል እንጂ ልብን አይደርስበትም።

ሰተንን “ባንክ ለምን ትዘርፋለህ?” ቢሉት “ገንዘቡ ያለው እዚያ ስለሆነ” አለ ተብሎ በዓለም ሁሉ ይወራል። እሱ ግን በ1976 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አላልኩም፣ ጋዜጠኛ የፈጠረው ነው ብሏል። ለምን እንደዘረፈ ሲናገር፣ ስለምወደው ነው፤ በዚያች ሰዓት ነበር በሕይወት እንዳለሁ የሚሰማኝ ነው ያለው። አያችሁ? ችግሩ ካዝናው ጋር አልነበረም። ጌታ መዝገብና ልብ አንድ ላይ እንደሚገኙ ያስተማረው ለዚህ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እኔ ባንክ አልዘረፍኩም ትል ይሆናል፣ ትዪ ይሆናል። የዕቁብ ገንዘብስ? የመሥሪያ ቤት ደረሰኝስ? ከወንድም እጅ የተነጠቀ የርስት ድርሻስ? ዩኒፎርም ለብሶ በር ማስከፈት የሰተን ብቻ አይደለም፤ የአገልጋይ ልብስ ለብሶም ይቻላል።

ዘኬዎስን አስታውሱ። ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ ዘኬዎስ አላለቀሰም ብዬ አልከራከርም፤ የተጻፈልን ግን የሒሳቡ ነገር ነው፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ንስሐ ካልኩሌተር ይዞ ይቀመጣል። ከማን ወሰድኩ? ስንት? መቼ እመልሳለሁ? መመለስ የማይቻልም አለ፤ ለሹስተር እናት ልጇን ማን ይመልስላታል? ለዚህ ነው ሳይዘገይ፣ ሌላ ሰው በእኛ ኃጢአት ሳይወድቅ፣ ዛሬ መነሣት ያለብን።

እውነት የሚመሰክር ሰው በአጠገባችሁ ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት። ያ ወጣት ሲታወቅ ሁሉም አጨበጨበለት፤ ማታ ግን ብቻውን ነበር የሚሄደው። ማረሚያ ቤት ያለ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፤ ግንቡ ያልደረሰበትን ልብ ጌታ ይደርስበታል። በመስቀሉ አጠገብ የተሰቀለው ወንበዴ ለዚህ ምስክራችን ነው፤ እሱ ጉድጓድ አልቆፈረም፣ ጥፋቱን አመነ፣ ለመነም። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና የምትመልሱለትን ሰው ስም ጻፉ። ጌታ ይርዳችሁ። አሜን።