ጣሪያ ለሌለው መኪና ማሞቂያ

«ፉል ኦፕሽን ናት!»

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ይቺን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ደላላው ይቺን ካለ ሌላ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ኤሲው፣ በጣት ተጭነው የሚያወርዱት መስታወት፣ የቆዳው ወንበር… ሁሉም ተጠቅልሎ እሷ ውስጥ አለ። ኦፕሽን ምርጫ ማለት ነው እንግዲህ። ግን የማን ምርጫ? ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መቼም አይመርጥም። ከአሥር ወይም ከሃያ ዓመት በፊት አንድ የማያውቀው ሰው መኪናውን አዲስ ሲያዝ «ይሄ ይግባ፣ ያኛው ይቅር» ያለውን ነው የሚወርሰው። ያ ሰው ገንዘብ አጥሮት ያስቀረው ነገር ይቀርበታል፤ ያ ሰው ለጉራ ያስገባው ነገር ደግሞ ሲበላሽ የማሠሪያው ዕዳ ይተርፈዋል።

ይሄ ነገር በተራው የቤት መኪና ላይ ብዙም አያነጋግርም። ጣሪያዋ ተከፍቶ በምትነዳው፣ ሁለት ሰው በምትይዘው የስፖርት መኪና ላይ ሲሆን ግን ጉዳዩ ታሪክ አለው። እኛ አገር ብዙዎቻችን እንዲህ ያለችውን መኪና የምናውቃት በሰርግና በፊልም ነው። በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህማ ከውጭ ላስመጣ ብሎ የሚያስባትም አይኖር። አሜሪካና አውሮፓ ያለው ወገናችን ግን ልጆቹ ኮሌጅ ገብተው፣ የቤቱ ዕዳ ቀለል ብሎለት፣ «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳን ለራሴ!» ሲል ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እንዲህ ያለች ያገለገለች መኪና ላይ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ወጣቱ ወገብ አለው፣ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ወገቡ ከድቶታል። ስለዚህ የምቾቱ ነገር ቅንጦት ብቻ ተብሎ አይታለፍም።

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና ሲጀመር ክፍት ነበር። ጣሪያ ገንዘብ ላለው የሚጨመር ነገር ነበር፤ ተራው ሰው ሸራ ዘርግቶ፣ ካፖርት ደርቦ ይነዳል። 1920ዎቹ ሲጀምሩ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው መኪና ክፍት ነበር፤ ሲያበቁ አብዛኛው ዝግ ሆኗል። ሃድሰን የተባለው ኩባንያ በ1922 ኤሴክስ የተሰኘ ዝግ መኪና ከክፍቱ ብዙም በማይርቅ ዋጋ አወጣ፤ በ1925 ደግሞ ዝጉ ከክፍቱ ረከሰ። ከዚያ በኋላ ክፍት መኪና የሚነዳ ሰው ጣሪያ መግዣ አጥቶ ሳይሆን ወዶና ፈቅዶ ሆነ። ወዶ የገባ ደግሞ አያማርርም።

እንዲያውም አለማማረር ክብር ሆኖ አረፈው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ከ1945 እስከ 1949 የሠሯት ኤምጂ ቲሲ ማሞቂያ አልነበራትም። መስታወቷም የሚወጣና የሚወርድ አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ በር ላይ የሚሰካ፣ ግልጽ ነገር የተሰፋበት መጋረጃ ነበር። የተሠሩት 10 ሺህ ገደማ ናቸው። ከነዚህ 2 ሺህ የሚሆኑት መሪያቸው በቀኝ እንደሆነ አሜሪካ ገቡ። ሰፊ፣ ሞቃት፣ እንደ ሶፋ የሚያስተኛ መኪና የለመደ አሜሪካዊ እዚያች ላይ ተኮራምቶ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ በደስታ ሲስቅ ይታያችሁ! ብርዱ የማኅበሩ መዋጮ ነበር ማለት ይቻላል።

አሜሪካኖቹ ይህን አይተው የራሳቸውን ሠሩ። በ1953 ሼቭሮሌት ኮርቬት ስትወጣ 300 ብቻ ተሠሩ፤ ሁሉም ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ። ዋጋዋ 3,498 ዶላር። የኦፕሽኗ ዝርዝር ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ማሞቂያ በ91.40 ዶላር፣ ሬዲዮ በ145.15 ዶላር። የሚያስቀው 300ዎቹም ላይ ሁለቱም ተገጥመው ወጡ። ምርጫ ነው ይባልና ሁሉም ላይ ይገጠማል! የውጭ በር እጀታ ግን የላትም፤ በሩን ለመክፈት እጅን በመጋረጃው በኩል ወደ ውስጥ ሰዶ መጎተት ነው። ለመንገድ ላይ ዝናብ እንግሊዞቹ ጋ የነበረው መጋረጃ ራሱ ተደገመ።

ፎርድ ደግሞ የሰውን ልብ አነበበ። በ1955 ያወጣት ተንደርበርድ ሁለት ሰው የምትይዝ ክፍት መኪና ናት፤ ነገር ግን መስታወቷ እንደ ሰው መኪና ይወጣል ይወርዳል። ለፈለገ ሰው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበርና መስታወት፣ ቀላል መሪም ይጨመርለታል። የዚያ ዓመት ውጤት ይኸውላችሁ፤ ተንደርበርድ 16,155፣ ኮርቬት 700። የ1956ቷ ኮርቬት የሚወጣና የሚወርድ መስታወት ይዛ መጣች፤ ሸራውን በኤሌክትሪክ የሚያነሳ መሣሪያም በኦፕሽን። «ስፖርተኛ ምቾት አይፈልግም» የሚለው ወግ በሁለት ዓመት ውስጥ በሽያጭ ደብተር ተረታ።

ከዚሁ ዘመን አንድ ሌላ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ኒው ዮርክ የነበረው የአውሮፓ መኪና አስመጪ ማክስ ሆፍማን ፖርሼን «ከ3 ሺህ ዶላር በታች የሆነ መኪና ስጡኝ» ብሎ ወተወተ፤ በ1954 ስፒድስተር 2,995 ዶላር ተተመነችለት። እንዴት? መስታወቱን አሳጥረው፣ ሸራውን አሳስተው፣ ማሞቂያውን «ተጨማሪ ክፍያ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ ከተው። ዋጋው ማራኪ እንዲሆን ምቾት ተነጠለ፤ ከዚያ ሱቁ ውስጥ ተመልሶ በሌላ ሂሳብ ተሸጠ። ዛሬም የመኪና ሻጮች ዋና ዘዴ ይሄው ነው። ዛሬ በደህና ይዞታ ያለች ስፒድስተር ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ትጠራለች፤ ለድህነቷ ነው ዋጋው! እንግሊዞቹም ቢሆኑ በ1962 ኤምጂቢን ከነመስታወቷና ከነእጀታዋ ሲያወጡ ማሞቂያውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለብቻው ያስከፍሉ ነበር። በእንግሊዝ አገር! ማሞቂያ ትርፍ ነገር የሚሆንበት አገር ሌላ ጠፍቶ?

ከዚያ ኤሲ መጣ። በ1963 ኮርቬት ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሲ በ421.80 ዶላር አቀረበች፤ ከ21,513 መኪኖች 278ቱ ላይ ብቻ ነው የተገጠመው። ሰው የሳቀ ይመስለኛል፤ የዚያ ዓመት ኮርቬት ግማሹ ጣሪያው የሚከፈት ነው፣ ሰማይ ሊያቀዘቅዝ ነው ወይ ብሎ። ግን ነገሩን ላሰበው አያስቅም። ክፍት መኪና እየሄደ ደስ ይላል፤ ቀይ መብራት ላይ በሐምሌ ቀትር ሲቆም ግን አናት ላይ የሚወርደው ፀሐይ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ጣሪያውን ዘግቶ ኤሲውን ይከፍታል፣ ወይ መኪናዋን ቤት ጥሏት ሌላውን ይነዳል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ፀሐዩ ሲፋጅ ጥላው የሚበርድበት ከተማ ነው የምንኖረው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የኔ ሐሳብ። ክፍት መኪና ላይ የሚገጠም ምቾት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጣሪያው ብዙ ቀን እንዲከፈት ይረዳል፤ ሌላው ክፍቱን መኪና ዝግ ለማስመሰል ይደክማል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ማፍሰስ ያለበት ለመጀመሪያው ነው።

1989 ሁለት መኪና ወለደች፤ ሁለቱም ዛሬ ያገለገለ በሚፈልግ ሰው ዝርዝር ላይ አይጠፉም። አንዷ የጃፓኗ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። አሜሪካ ውስጥ 13,800 ዶላር ስትሸጥ መሪዋ ያለ ፓወር፣ መስታወቷ በእጅ የሚዞር ነበር። ቀላል መሪ የፈለገ «ኤ» የተባለውን ጥቅል ይጨምራል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስታወት የፈለገ «ቢ»ን፤ ኤሲ የፈለገ ለብቻው ይከፍላል። ጣሪያዋ ግን ሊቅ የሠራው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለት መቆለፊያ ፈትቶ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ በአንድ እጅ ወደ ኋላ መጣል። ሞተር የለው፣ ዘይት የለው፣ የሚበላሽ ነገር የለው። በ2016 ቁጥሯ 1 ሚሊዮን አለፈ።

ሌላዋ የመርሴዲሷ ኤስኤል ናት፤ የሚያውቋት ሰዎች አር129 ይሏታል። ጣሪያዋ በዘይት ግፊት 30 ሰከንድ ያህል ውስጥ ራሱ ይታጠፋል፤ መኪናዋ ልትገለበጥ ስትል ከኋላ የተደበቀ ብረት በ0.3 ሰከንድ ብድግ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ ሁሉ መሣሪያ ይልቅ ከወንበሮቹ ኋላ የምትቆም አንዲት መረብ ናት። ክፍት መኪና ላይ አንገት የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ከፊት የሚመጣ ይመስለናል። አይደለም። ነፋሱ በፊት መስታወቱ ላይ አልፎ ከወንበር ጀርባ ይወርድና ተጠምዝዞ ወደፊት ይመለሳል፤ ማጅራትን የሚመታው ይኼ የተመለሰው ነው። መረቧ ያቺን መመለሻ መንገድ ትዘጋለች። መርሴዲስ በ2004 በሁለተኛዋ ኤስኤልኬ ላይ ደግሞ ከወንበሩ የራስ መደገፊያ ሥር አንገት ላይ ሙቅ አየር የሚነፋ ነገር ጨመረ፤ «ኤርስካርፍ» አለው፣ የአየር ሻርፕ እንደማለት። ከሚሞቅ ወንበር ጋር ሲደመር ሰውየው በጥቅምት ማለዳ ጣሪያውን ከፍቶ ይወጣል ማለት ነው። ክፍት መኪና ኖሮት በዓመት ስድስት ቀን ብቻ የሚከፍት ስንት አለ!

ዝግ የሚያስመስለው ወገን ደግሞ ብረት ጣሪያን የሚያጣጥፈው ነው። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ፎርድ ከ1957 እስከ 1959 ስካይላይነር የተባለ ትልቅ የቤተሰብ መኪና ላይ ሠርቶት 48,394 ሸጧል። ለዚያ ጣሪያ ብቻ 610 ጫማ፣ ማለትም 186 ሜትር ያህል ሽቦ ነበረው። የሻንጣው ቦታ ከጣሪያው የተረፈች አንዲት ሣጥን ሆነች። በ1996 የመጀመሪያዋ ኤስኤልኬ ነገሩን አነሳችው፤ በ25 ሰከንድ ይታጠፋል፣ ሻንጣው ግን ያው ይጠባል። ማዝዳ በ2006 ሲሠራው ከወንበር ኋላ አጥፎ ሻንጣውን ሳይነካ ቀረ፤ ምስጋና ይገባዋል። መንገድ ዳር የሚያሳድር ሰው ሸራው በቢላ እንዳይቀደድበት ብረቱን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ጋራዥ ላለው ሰው ግን ምን ያደርግለታል?

የኤሌክትሪክና የዘይት ነገር ሲያረጅ ደግሞ ያው ነው። አር129 ሃያ ዓመት ሲያልፋት ጣሪያውን የሚገፉት ሲሊንደሮች ጎሚኒ ይደርቃል፤ ከፊት መስታወቱ በላይ ያሉት ማንጠብጠብ ሲጀምሩ ዘይቱ የሚወርደው ሾፌሩ ላይ ነው። ከ2002 እስከ 2008 የተሠራችው ቢኤምደብሊው ዜድ4 የጣሪያ ሞተሯ የተቀመጠው ዝናብ በሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የውኃ መውረጃዋ በቅጠል ሲደፈን ሞተሩ ይዋኛል። የመጀመሪያዋ ፖርሼ ቦክስተርም ስትደፈን ውኃው ከወንበር ሥር ያለውን የቁልፍ ኮምፒውተር ያርሰውና መኪናዋ አልነሳም ትላለች። ስለዚህ ሊገዙ ሲሄዱ ሞተሩን ከማስጮህ በፊት እጅን ምንጣፉ ላይ አድርጎ እርጥበት መኖሩን ማየት ነው። ከዚያ ጣሪያውን አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ መክፈትና መዝጋት። የኋላ መስታወቱ ፕላስቲክ ይሁን ብርጭቆም ይታይ፤ ፕላስቲኩ ይደበዝዛል፣ ይሰነጠቃል። ማዝዳ በ1998፣ ቦክስተር ደግሞ በ2002 ነው ወደ ብርጭቆ የዞሩት። የሚሞቀውን ወንበር አብርቶ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት በጉልበቱ ተንበርክኮበት ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል፣ አይሞቅም። መሪው ያለ ፓወር ከሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ማቆምን ሞክሩት፤ ትከሻችሁ እዚያው መልሱን ይነግራችኋል። ትከሻው የሚያመው ሰው በእጅ የሚታጠፈውን ጣሪያ ወደ ኋላ ዞሮ መሳብ ካቃተው ደግሞ እኔ ያሞገስኩት ቅለት ለሱ ምንም አይደለም፤ ሲሊንደሩ ቢያንጠባጥብም በሞተር የሚሠራውን ይግዛ።

መረቧ ግን ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ አትገኝም። ተነቃይ ስለሆነች ባለቤቱ አንድ ክረምት ላይ ያወጣትና ጋራዥ ግድግዳ ላይ ይሰቅላታል፤ መኪናውን ሲሸጥ እዚያው ይረሳታል። ሻጩ ስለ ቆዳው፣ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ጎማው ሲያወራ ዝም ብሎ አዳምጦ፣ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት «መረቧስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጓዳ ገብቶ አቧራዋን እያራገፈ ይዟት ይወጣል።