የባለኒውክለስ ህዋስ አመጣጥ

ባለኒውክለስ ህዋስ (ዩካርዮት) የእንስሳት፣ የዕፅዋትና የፈንገሶች ህዋስ ነው። ባክቴሪያና አርኬያ ግን ኒውክለስ የላቸውም። በጎጃም የጤፍ ሊጥ በሚቦካበት እርሾ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች አብረው ይገኛሉ፦ ባለኒውክለስ ፈንገሶችና አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎች።

በሰፊው ተቀባይነት ባገኘው ሐሳብ መሠረት፣ ከ1.5 ቢሊዮን ዓመታት ቀደም ብሎ ባክቴሪያ በአርኬያ ወገን ህዋስ ውስጥ ገብቶ መኖር ጀመረ፤ በኋላም ኃይል አመንጪው ማይቶኮንድሪያ ሆነ። ማይቶኮንድሪያ እስካሁን የራሱ ዲኤንኤ አለው። ሊን ማርጉሊስ ይህን ሐሳብ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ አጠናክራለች።

በ2015 እ.ኤ.አ. በኖርዌይና በግሪንላንድ መካከል ካለው የባሕር ወለል ደለል የሎኪአርኬያ ዘረመል ተለይቶ ታወቀ። በውስጡም ለህዋስ ቅርጽ የሚያገለግለውን አክቲንን የሚመስል ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች ተገኙ። ስለዚህ ከውስብስቡ ህዋስ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ መነሻቸው ኒውክለስ ከመፈጠሩ በፊት እንደሆነ ይታመናል።