ሴቶች በሜታልኮር መድረክ

ሜታልኮር ከሄቪ ሜታል ከባዱን ጊታር፣ ከሃርድኮር ፓንክ ቁጣውን ወስዶ ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በአሜሪካ ከተሞች መልክ የያዘ ሙዚቃ ነው። ድምፃዊው ከሚያዜምበት ጊዜ የሚጮኽበትና የሚያጓራበት ይበልጣል። ጊታሩና ከበሮው ድንገት ረገብ ብለው ባንድነት የሚመቱበት ብሬክዳውን ሲደርስ፣ ከመድረኩ ፊት ያለው ወጣት እጅና እግሩን እያወናጨፈ ይጋፋል። ይህ ስፍራ ለረጅም ጊዜ የወንዶች ነበር። ከሚመጡት ጥቂት ሴቶች ብዙዎቹ የወንድ ጓደኞቻቸውን ጃኬት ይዘው ዳር ይቆሙ ነበር።

በሄቪ ሜታል በኩል በሩ ቀደም ብሎ ገርበብ ብሏል። በ1978 ለንደን ላይ የተመሠረተው ገርልስኩል አባላቱ በሙሉ ሴቶች ነበሩ፤ ጀርመናዊቷ ዶሮ ፔሽም በ1986 ከዋርሎክ ባንድ ጋር በታላቁ የካስል ዶኒንግተን ፌስቲቫል ዘፈነች። እነዚህ ግን የሚዘፍኑት በዜማ ነው። ጎርናናው ድምፅ የወንድ ብቻ ነው ተብሎ ቀረ። በዚያው በ1980ዎቹ የሆሊ ሞሰስ ድምፃዊት ሳቢና ክላሰን ጀርመን ውስጥ ታጓራ ስለነበር፣ ሴት አትችለውም የሚለው ወሬ ገና ሲወራም ሐሰት ነበር።

ወሬውን በሰፊው አድማጭ ዘንድ ያፈረሰችው አንጌላ ጎሶ ናት። ከስዊድኑ ባንድ ከአርች ኢነሚ አባላት ለአንዱ በጋዜጠኝነት ቃለ መጠይቅ ስታደርግለት የራሷን ድምፅ ቅጂ ሰጥታው ነበር። የባንዱ ድምፃዊ ዮሃን ሊቫ በ2000 ሲወጣ ባንዱ እሷን ጠራ። በ2001 «ዌጅስ ኦፍ ሲን» የተሰኘው አልበማቸው ሲወጣ ድምፁ የሴት መሆኑን ለማመን የተቸገረው አድማጭ ጥቂት አልነበረም።

ለነገሩ ሥራው የጉልበት ሳይሆን የሥልት ነው። ከጉሮሮ ተገፍቶ የሚወጣ ጩኸት ድምፅን ቶሎ ይዘጋል። የሠለጠነ ድምፃዊ አየሩን ከሆዱ በመጠን ይለቅና ከእውነተኞቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ያሉትን እጥፋቶች ያርገበግባል፤ ድምፁ እንዲወፍር ወይም እንዲቀጥን የሚያደርገው በአብዛኛው የአፍና የጉሮሮው ቅርጽ ነው። ይህን በ2005 «ዘ ዜን ኦፍ ስክሪሚንግ» በተሰኘ ዲቪዲ ያስተማረችው የኒውዮርኳ የድምፅ መምህርት ሜሊሳ ክሮስ ነበረች። ከተማሪዎቿ አንዱ የላም ኦፍ ጎድ ድምፃዊ ራንዲ ብላይዝ ነው። የወንዶች ነው የተባለውን ጩኸት ለወንዶቹ ያስተማረችው ሴት መሆኗ ብዙም አይነሳም።

በሜታልኮር በራሱ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ በ1998 ዲትሮይት ውስጥ የተመሠረተው፣ ካንዳስ ኩክሱሌን የምትመራው ዎልስ ኦፍ ጄሪኮ ነው። ባንዱ የኢያሪኮን ግንብ ስም ይዟል፤ በጩኸት ለፈረሰ ግንብ ከዚህ የሚስማማ ባንድ አይገኝም። ከካናዳ ሞንትሪያል ከ«ዚ አጎኒስት» ባንድ ጋር የወጣችው አሊሳ ዋይት ግሉዝ ደግሞ በ2014 በአርች ኢነሚ የጎሶን ቦታ ወሰደች፤ ጎሶ በሥራ አስኪያጅነት ቀጠለች። ስፒሪትቦክስ የተባለው ባንድ በ2017 ሲመሠረት የድምፃዊቱን የኮርትኒ ላፕላንትን ጩኸት እንደ ተአምር የሚያይ አድማጭ በጣም ቀንሶ ነበር።

ከእነዚህ ከተሞች ርቆ የተነሳው የዩክሬኑ ባንድ ጂንጀር ነው። የተመሠረተው በዶኔትስክ ክልል በምትገኘው ሆርሊቭካ ሲሆን፣ ድምፃዊቷ ታቲያና ሽማይሉክ በ2010 ተቀላቀለችው። በ2014 ጦርነት ክልሉን ሲያናውጥ አባላቱ ወደ ምዕራብ ዩክሬን ተሰደዱ። «ፓይሲስ» የተባለው ዘፈናቸው በለሆሳስ ጀምሮ ድንገት ወደ ማጓራት ይገለበጣል፤ ሁለቱም የአንዲት ሴት ድምፅ ናቸው። በ2017 የወጣው ቪዲዮው በአስር ሚሊዮኖች ታይቷል፤ የድምፅ መምህራን ሳይቀሩ እያቆሙ ተንትነውታል።

በ2022 ሩሲያ በሙሉ ኃይሏ ስትወር ዩክሬን ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶቿ ከአገር እንዳይወጡ ከለከለች። ክልከላው ሽማይሉክን አልነካም፤ የባንዱ ሦስት ወንዶች ግን በዚያው በጋ በአውሮፓ መድረኮች ሊጫወቱ የቻሉት የባህል ሚኒስቴሩ በአምባሳደርነት እንዲወጡ ስለፈቀደላቸው ነው።